መዝገብ ያላቸው ተረቶች፦ እንግሊዞች ስለ ሥልጣን የሚሉት ከየት መጣ?

ፖለቲካ በሚወራበት የአማርኛ ዝግጅት ላይ ብዙ ሳይቆይ አንዱ ተወያይ «እንግሊዞች እንደሚሉት…» ብሎ ይጀምራል። የሚቀጥለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ «ሥልጣን ያባልጋል፤ ፍጹም ሥልጣን ደግሞ ፍጹም ያባልጋል።» አወያዩ ራሱን ይነቀንቃል፣ ክርክሩ እዚያ ላይ ያለቀ ይመስላል። ተናጋሪው የሕግ ሰው ከሆነ ደግሞ «የዘገየ ፍትሕ እንደተነፈገ ይቆጠራል» ይላል። እነዚህ አባባሎች ከመለመዳቸው የተነሣ ከ«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ጎን ተቀምጠው የአገር ቤት ተረት መስለዋል።

የእኛን ተረት መጀመሪያ ማን እንደተናገረው አይታወቅም፤ «ያገሬ ሰው ሲተርት» ብለን እናልፋለን። እንግሊዞች ስለ ሥልጣን፣ ስለ ሕግና ስለ መሬት ከሚሏቸው ውስጥ ግን ብዙዎቹ ቀን፣ ቦታ፣ ከሳሽና ተከሳሽ አላቸው። አንዱ የዕዳ ክርክር ነው፣ ሌላው የሁለት ምሁራን ጠብ፣ ሌላው የግብር ዓመፅ። ተረቱን ወስደን መዝገቡን ስንተወው ግማሹን ብቻ እንሰማለን። አንዳንዴም ከተባለው ተቃራኒውን ይዘን እንሄዳለን። ስለዚህ ጥቂቶቹን መዝገባቸውን ገልጠን እንያቸው። (ዓመታቱ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሥልጣን እንነሣ። ቃሉ የእንግሊዛዊው የታሪክ ሰው የሎርድ አክተን ነው። ኤፕሪል 5 ቀን 1887 ለማንደል ክራይተን በጻፈው ደብዳቤ ላይ ይገኛል። ክራይተን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህንና በካምብሪጅ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ መምህር ነበር፤ ስለ ሮማ ሊቃነ ጳጳሳትም በብዙ ቅጽ ጽፏል። አክተን ካቶሊክ ነው። ጳጳሳቱን ይከላከላል ብሎ ሰው የሚጠብቀው አክተንን ነበር፤ የሆነው ግን ሌላ ነው። ካህኑ በዘመናቸው ልማድ እየመዘነ በለዘብታ ሲያልፋቸው፣ ካቶሊኩ ነደደ። ሰውን በእምነቱ ምክንያት ያስገደለ ሁሉ፣ ጳጳስም ይሁን ንጉሥ፣ እንደ ማንኛውም ነፍሰ ገዳይ ይፈረድበት አለ። የሚያስቀው ደግሞ አክተን በክራይተን መጽሐፍ ላይ የጻፈውን መራራ ሒስ የላከው፣ ክራይተን ራሱ አዘጋጅ ለሆነበት የታሪክ መጽሔት መሆኑ ነው።

በዚያ ደብዳቤ ላይ ከታዋቂው ቃል ጥቂት ቀደም ብሎ የሚመጣው፣ በእኔ ግምት፣ ከታዋቂው ይበልጣል። ጳጳስና ንጉሥ ከሌላው ሰው ተለይተው «ጥፋት የለባቸውም» ተብሎ ተገምቶላቸው ይዳኙ የሚለውን አልቀበልም ይላል አክተን። ግምት ካስፈለገ ሥልጣን የያዘው ሰው ላይ ይሁን፤ ሥልጣኑ በጨመረ ቁጥር ግምቱም ይክበድበት። ከዚህ በኋላ ነው «ሥልጣን ወደ ማባለግ ያዘነብላል» የሚለው የሚከተለው። ትንሽ ወረድ ብሎም «ሹመቱ ተሿሚውን ይቀድሰዋል ከማለት የከፋ ኑፋቄ የለም» ይላል።

«ያዘነብላል» የምትለዋ ቃል ወደ አማርኛ ስትሻገር መንገድ ላይ ወድቃለች። እንግሊዞቹ ራሳቸውም በጨዋታ መሀል ይጥሏታል። ትንሽ ትምሰል እንጂ ነገሩን ትለውጠዋለች። «ያባልጋል» ካልን የዕጣ ፈንታ ጉዳይ ነው፤ ማንም ወንበሩ ላይ ይቀመጥ፣ ያው ነው ብለን እንተኛለን። «ያዘነብላል» ካልን ግን የተንጋደደ ግድግዳ ነው፤ ድጋፍ ይቆምለታል፣ ይቃናል፣ ካልሆነም ከሥሩ ዘወር ይባላል።

አማርኛው ግን በአንድ ነገር አልከሰረም። እንግሊዝኛው ለዚህ ብልሹነት የሚጠቀምበት ቃል የመበስበስም ትርጉም አለው። የእኛው «ሙስና» ከግዕዙ «ማሰነ» የመጣ ነው፤ ጠፋ፣ ተበላሸ፣ ፈረሰ እንደማለት። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ ጉቦን ከበሰበሰ ነገር ጋር አገናኝተውታል። ስለ «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» እዚህ ላይ ማውራት አያስፈልግም።

የአገራችን የሥልጣን ተረት «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ነው። ብዙ ሰው የአክተን ተቃራኒ፣ የሌብነት ምክር አድርጎ ይጠቅሰዋል። እኔ ሁለቱ አንድ ነገር ከሁለት ወንበር ላይ ሆነው የሚያዩ ይመስለኛል። አክተን የተቀመጠው ዘመኑ ካለፈ በኋላ በሚፈርደው የታሪክ ጸሐፊ ወንበር ላይ ነው። የእኛ ተረት ደግሞ ተሿሚው ውስጥ ገብቶ ሐሳቡን ይሰማል። ያ ሰው የሚያስበው ስለ ሥልጣኑ ማለቂያ ነው፤ ሽረት እንደሚመጣ ያውቃል፣ ደመወዝና ጡረታ እንደማይጠብቀውም ያውቃል። ለምን እንደሚባልግ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከደብዳቤው ይልቅ ከተረቱ ብዙ ያገኛል።

አክተንንም ቢሆን ብፁዕ አድርገን እንዳንይዘው። በ1866 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በተጠናቀቀ በዓመቱ፣ ለተሸነፈው የደቡብ ጦር አዛዥ ለሮበርት ሊ ደብዳቤ ጽፎለት ነበር። በሪችመንድ (በደቡቡ ዋና ከተማ) ለጠፋው ነገር ያዘንኩት በዋተርሎ (ናፖሊዮን በተሸነፈበት) ለዳነው ከተደሰትኩት ይበልጣል አለው። ለአክተን የደቡብ ግዛቶች ነጻነት የማዕከሉን ፍጹም ሥልጣን የሚገታ ልጓም ነበር። ባሪያ አሳዳሪው በባሪያው ላይ የነበረው ሥልጣን ከዚያ የበለጠ ፍጹም መሆኑ አልታየውም።

ሁለተኛው መዝገብ «ንጉሥ ጥፋት አይሠራም» የሚለው ነው። ይህ በሕግ ሰዎች አፍ የኖረ አባባል ነው። ለአማርኛ ሰሚ ወዲያው የሚመጣበት «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ነው፤ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 4 የንጉሠ ነገሥቱ ሰውነት የተቀደሰ፣ ክብሩ የማይደፈር መሆኑን ደንግጎ ነበር። እንግሊዝም መጀመሪያ ላይ እንዲሁ ነበር የሚነበበው። ቀዳማዊ ቻርልስ በጃንዋሪ 1649 ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ በምን ሥልጣን ነው የጠራችሁኝ ብሎ ክሱን ለመመለስ እምቢ አለ። ችሎቱን የማልቀበልበት ምክንያት ብሎ በጻፈው ላይም ይህንኑ አባባል ጠቀሰ፤ ከሕግ ሰዎቹ መርሖች አንዱ ንጉሥ ጥፋት አይሠራም የሚል ነው አለ። ጃንዋሪ 30 ቀን ለንደን ውስጥ በዋይትሆል አንገቱ ተቆረጠ።

እስከዚህ ድረስ ተረቱ የተሸነፈ ይመስላል። ጉዱ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ ዳግማዊ ቻርልስ ዙፋኑን መልሶ አገኘ፤ አባባሉም አብሮ ተመለሰ። የፓርላማ ሰዎች ግን አዙረው ያነቡት ጀመር። ንጉሥ ጥፋት አይሠራም ካልን፣ ጥፋትም ተሠርቶ ከተገኘ፣ የሠራው ሌላ ሰው መሆን አለበት። ማነው? የመከረው፣ የፈረመው፣ ያስፈጸመው ሚኒስትር ነዋ! ንጉሡ ጥፋት ሊያዝዝ ስለማይችል «ንጉሥ አዞኝ ነው» የሚለው መከላከያም ይወድቃል።

ይህ በሎርድ ዳንቢ ላይ ደረሰ። ዳንቢ የዳግማዊ ቻርልስ ዋና ሚኒስትር ነበር። ከፈረንሳይ ንጉሥ ገንዘብ ለማግኘት በምስጢር የጻፈው ደብዳቤ ወጣበትና በ1678 ፓርላማው ከሰሰው። ደብዳቤው ግርጌ ላይ ንጉሡ በገዛ እጁ «ይህን ደብዳቤ ተስማምቼበታለሁ» ብሎ ጽፎበታል። ከዚህ በላይ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ግን አላዳነውም። ንጉሡ የምሕረት ደብዳቤ ሰጠው፤ ያም አላስመለጠውም፤ አምስት ዓመት በለንደን ግንብ ታሰረ። በ1701 የወጣው የዙፋን ወራሽነት ሕግ ደግሞ ፓርላማ የከሰሰው ሰው የንጉሥ ምሕረት ይዞ ክሱን ማስቆም እንዳይችል ደነገገ። ንጉሡን ለመጠበቅ የተሠራው አጥር ሚኒስትሩን ውጭ ጥሎ ተዘጋ።

አባባሉ ግን ተራውን ሰው መጉዳቱን ቀጥሏል። እስከ 1947 ድረስ የእንግሊዝ መንግሥት መኪና የገጨው ሰው ሹፌሩን እንጂ መንግሥትን በቀጥታ ለጉዳቱ መክሰስ አይችልም ነበር፤ መንግሥት የዘውዱ ነው፣ ዘውድ ደግሞ ጥፋት አይሠራም። ይህን ያስቀረው ያን ዓመት የወጣ አዋጅ ነው። የዙፋኑ ባለቤት በግሉ ግን ዛሬም አይከሰስም።

«የእንግሊዝ ሰው ቤቱ ግንቡ ነው» የሚለውስ? ለንደን ውስጥ የሚኖር አበሻ ሁሉ ይህን ሳይሰማ አይቀርም፤ ግንቡ አንድ ክፍል ሆኖ ኪራዩ የሚያስለቅስ ቢሆንም። አባባሉ የነጻነት መዝሙር ሆኖ ይነገራል፤ በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ያስገባው ግን የዕዳ ክርክር ነው። ለንደን ብላክፍራየርስ በሚባል ሰፈር ሁለት ሰዎች አንድ ቤት በጋራ ይዘው ይኖሩ ነበር። አንደኛው ዕዳ ሳይከፍል ሞተ፤ ንብረቱም እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ባለገንዘቡ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አስወጥቶ ሹም ይዞ ቢመጣ፣ በሕይወት ያለው በሩን ዘጋበት። ባለገንዘቡም በር በመዝጋቱ ከሰሰው። የሕግ ሊቁ ሰር ኤድዋርድ ኩክ በመዘገበው የ1604 ፍርድ በር የዘጋው ረታ፤ የሰው ቤት ለባለቤቱ እንደ ግንብና እንደ ምሽግ ነው ተባለ።

የፍርዱ ሁለተኛ ክፍል ግን ተረት ውስጥ አልገባም። በግለሰቦች ክርክር ሹሙ በር መስበር አይችልም፤ ነገሩ የንጉሡ ሲሆን ግን ምክንያቱን ተናግሮ፣ ክፈቱ ብሎ ጠይቆ፣ እምቢ ካሉት ይሰብራል። ማለትም ግንቡ ባለዕዳን ከባለገንዘብ ይጠብቅ ነበር፤ ከመንግሥት ግን አልነበረም።

ከመንግሥት የሚጠብቅ እስኪሆን ከ150 ዓመት በላይ ፈጀ። በኖቬምበር 1762 የንጉሡ መልእክተኞች ጆን ኤንቲክ የሚባል ጸሐፊ ቤት ገቡ። መንግሥትን የሚነቅፍ ጋዜጣ ላይ ይጽፋል ተብሎ ነው። አራት ሰዓት ሙሉ ሣጥን እየሰበሩ ወረቀቱን በረበሩ፤ በመቶ የሚቆጠር ጽሑፍ ይዘው ሄዱ። የያዙት ትእዛዝ የሎርድ ሃሊፋክስ ነው፤ ሚኒስትር ነው፣ ዳኛ አይደለም። ኤንቲክ ከሰሳቸው። መልእክተኞቹ ይህ የቆየ አሠራር ነው፣ ለመንግሥት ደኅንነትም የግድ ነው ብለው ተከራከሩ። ዳኛው ሎርድ ካምደን በ1765 የሰጠው መልስ ዛሬም በሕግ ትምህርት ቤት ይነበባል፦ «ሕግ ከሆነ በመጽሐፎቻችን ውስጥ ይገኛል። እዚያ ካልተገኘ ሕግ አይደለም።» ለኤንቲክ 300 ፓውንድ ካሣ ተፈረደለት። በ1791 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አራተኛ ማሻሻያ፣ ቤት ያለ በቂ ምክንያት እንዳይፈተሽ የሚከለክለው፣ ከዚህ ክርክር ብዙ የተማረ ነው።

እኛ ዘንድ ለዚህ የቀረበው ቃል «በሕግ አምላክ» ይመስለኛል። መንገድ ላይ የተጣላውን ሰው በዚህ ቃል ማስቆም ይቻል ነበር፤ «በምኒልክ አምላክ» የሚባልበት ጊዜም ነበር። ልዩነቱ፣ የእኛው ቃል ደጅ ላይ ያለን አጥቂ የሚያስቆመው የንጉሡን ስም ጠርቶ ነው። ራሱ የንጉሡ ሰው ደጅ ላይ ሲቆም በማን አምላክ ይባላል?

ከፍርድ ቤት ወጥተን ወደ ገጠር ስንሄድ የእንግሊዝ ተረት ፊቱ ይቀየራል። «ለግልገል ከመሰቀል ለበጉ መሰቀል» ይላሉ። ዛሬ የሚተርቱት ዘግይቶ ቢሮ የገባ ሰው «አንዴ አርፍጃለሁ፣ ቡናዬን ጠጥቼ ልግባ» እንደሚለው ዓይነት ነው። ያኔ ግን ቃል በቃል ነበር። በግ መስረቅ እስከ 1832 ድረስ በሞት ያስቀጣ ነበር። ቅጣቱ ለትንሹም ለትልቁም ያው ከሆነ ሌባው ትልቁን ይመርጣል። ስለ ቅጣት መመጣጠን ከዚህ ያጠረ ትምህርት አላውቅም።

የግጦሹ ጉዳይ ረዘም ያለ ነው። የእንግሊዝ ገበሬ መንደር የወል መሬት ነበራት። ድሀው ላሙን፣ ዝዩን ያሰማራበታል፣ ጭራሮ ይለቅምበታል። ባለቤትነቱ በወረቀት የጌታው ቢሆንም የመጠቀም መብቱ የመንደሩ ነው። ከዚያ ፓርላማው መሬቱ እንዲታጠር፣ ለባለይዞታዎች እንዲከፋፈል አዋጅ እያወጣ ይፈቅድ ጀመር። ከ1604 እስከ 1914 ድረስ ከ5,200 በላይ የአጥር አዋጆች ወጥተዋል፤ የሸፈኑትም መሬት 6.8 ሚሊዮን ኤከር፣ የእንግሊዝን አንድ አምስተኛ የሚያህል ነው። ፓርላማ የሚቀመጠው ማን ነበር? ባለመሬቱ። አጥር የሚያጥረውስ? እሱው። የመሬት ድርሻ በወረቀት ያልነበረው፣ በልማድ ብቻ ሲያሰማራ የኖረው ድሀ፣ ባዶ እጁን ወጣ። ማን እንደገጠመው የማይታወቅ ግጥም የቀረው ከዚህ ዘመን ነው። ወደ እኛ ስመልሰው እንዲህ ይሆናል፦

ዝይ የሰረቀውን ከወሉ መስክ ላይ፣
ሕግ ያስረዋል ወንድ ሴት ሳይለይ፤
ዋናው ሌባ ግን ደልቶት ይኖራል፣
መስኩን ከዝይዋ ሥር ሰርቆ ይሄዳል።

የግጥሙ ብልሃት «ሕግ ተጣሰ» አለማለቱ ነው። አጥሩ ሕጋዊ ነበር፤ አዋጅ ወጥቶለታል፣ ማኅተም አርፎበታል። ግጥሙ የሚከስሰው ሕጉን ራሱን ነው። ሰዉም በግጥም ብቻ አልተወውም። በኦክስፎርድሻየር ኦትሙር የሚባል ረግረግ ሜዳ በታጠረ ጊዜ ገበሬዎቹ ሌሊት እየወጡ አጥሩን ያፈርሱት ነበር። በሴፕቴምበር 1830 ከ40 የሚበልጡት ተይዘው በወታደር ታጅበው ወደ ኦክስፎርድ ሲወሰዱ፣ ዕለቱ የቅዱስ ጃይልስ ገበያ ሆኖ ከተማው በሰው ተሞልቷል። ገበያተኛው ወታደሩን በድንጋይና በዱላ ተቀበለው፤ እስረኞቹም በግርግሩ አመለጡ።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው የጆን ቦል ጥያቄ ነው። ቦል በ1381 በተነሣው የገበሬዎች ዓመፅ ውስጥ የነበረ ቄስ ነው። የዓመፁ መነሻ የነፍስ ወከፍ ግብር ነበር፤ በ1377 በሰው አራት ፔንስ የነበረው፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ወደ 12 ፔንስ አደገ፤ ድሀና ሀብታም ሳይል በራስ ይቆጠራል። ለንደን አጠገብ ብላክሂዝ ሜዳ ላይ ለተሰበሰበው ሕዝብ ቦል ያነሣው የስብከት ርእስ፣ ቀድሞም በሕዝብ አፍ የነበረ ቃል ነው፦

አዳም ሲቆፍር፣ ሔዋን ስትፈትል፣
ጌታ ማን ነበር? ጭሰኛስ ማን ይባል?

«ጭሰኛ» የምትለዋን ከእኔ ጨምሬያለሁ፤ እንግሊዝኛው የሚጠይቀው ጌታው ማን ነበር ብሎ ብቻ ነው። ግን የአገሬ ሰው ሲሰማው ሁለተኛው ጥያቄ ሳይጠራ ይመጣል። ዓመፀኞቹ ለንደን ገብተው ሊቀ ጳጳሱንና የገንዘብ ሹሙን አንገታቸውን ቆረጡ። መሪያቸው ዋት ታይለር የ14 ዓመቱን ንጉሥ ዳግማዊ ሪቻርድን ስሚዝፊልድ ላይ ሲያነጋግር ተወግቶ ተገደለ። ቦልም በወሩ ሴንት ኦልባንስ ላይ ተሰቀለ። ነገር ግን እንዲህ ያለ በራስ የሚቆጠር ግብር ለእንግሊዝ መንግሥታት መጥፎ ምልክት ሆኖ ቀረ፤ ማርጋሬት ታቸር በ1990 ተመሳሳይ ግብር ስታመጣ ትራፋልጋር አደባባይ ተናጠ፤ እሷም በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ሥልጣን ለቀቀች። መልቀቋ በግብሩ ብቻ አልነበረም፤ አውሮፓም ነበረበት።

የመጨረሻው መዝገብ ትንሽ ነው፤ ከሁሉም የምወደው ግን እሱን ነው። «ፍትሕ መሰጠት ብቻ ሳይሆን ሲሰጥም መታየት አለበት» የሚለውን በአማርኛም ስንት ጊዜ ሰምተናል። የመጣው ከታላቅ የፖለቲካ ክስ አይደለም። በ1923 ሰሴክስ ውስጥ አንድ ሞተር ሳይክል ነጂ ግጭት አድርሶ በአደገኛ አነዳድ ተከሰሰ። የአካባቢው ዳኞች ወደ ጓዳ ገብተው ተመካክረው ጥፋተኛ አሉት። አብሯቸው ጓዳ የገባው የችሎቱ ተጠባባቂ ጸሐፊ፣ በዚያው ግጭት የተጎዱትን ወክሎ ከነጂው ካሣ የሚጠይቀው የሕግ ቢሮ ባልደረባ ኖሯል። የነጂው ጠበቃ ይህን ያወቀው ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ነው።

ይግባኙ በ1924 ዋና ዳኛው ሎርድ ሂዋርት ዘንድ ቀረበ። የሰሴክስ ዳኞች በመሐላ መልስ ሰጡ፤ ጸሐፊው አንድ ቃል አልተነፈሰም፣ እኛም አላማከርነውም አሉ። ፍርድ ቤቱ አመናቸው። አምኗቸውም ፍርዱን ሻረው።